«አብሽር» ገመድ አይሆንም

በወሎ ምድር «አብሽር» የምትባል አንዲት ቃል አለች። ያዘነውን ታጽናናለች፣ የፈራውን ታደፋፍራለች፣ አንገቱን የደፋውን ቀና ታደርጋለች። ፈተና ያልቀናው ተማሪ «አብሽር፣ የሚመጣው ዓመት አለ» ይባላል። ደመወዙ ከወሩ እኩሌታ በፊት ያለቀበት ጸሓፊም «አብሽር፣ ያልፋል» ይባላል። እኛም ዘንድ በቆቦ ከገበያው እስከ መናኸሪያው ድረስ ይህች ቃል ሳትሰማ የሚያልፍ ቀን የለም። የሚጠላት ሰው ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ራሴ እወዳታለሁ።

ነገር ግን ይህች መልካም ቃል ፈጽሞ የማትረዳበት አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም የመሰላል ጫፍ ነው። ከታች የቆመው ሰው «ኧረ መሰላሉ ይወዛወዛል!» ሲል፣ ከላይ ያለው ግንበኛ ዘወር ሳይል «አብሽር፣ ምንም አይሆንም!» ብሎ ይመልሳል። አብሽር ግን ቃል ነው፤ ገመድ አይደለም። የሰውን ልብ ታረጋጋለች እንጂ መሰላልን ከግድግዳ ጋር አታስርም።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል «ይህስ የግንበኛና የአናጺ ጉዳይ ነው፤ ብዕር ለያዝነው ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለደብተርና ለጫማ መግዣ ብሎ ጭቃ የሚያቦካው፣ ብሎኬት የሚያቀብለው፣ ባልዲ ይዞ መሰላል የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ባገኘው ቦታ ሁለት ክፍል ቤት የሚያሠራውስ ማን ነው? ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እንግዲህ አንዱ አንባቢ ከመሰላሉ ላይ፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ የቀን ሒሳብ የሚከፍል ከሆነ፣ ነገሩ ከእናንተ የበለጠ የሚመለከተው ሰው የለም።

ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የራያ ሜዳ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የግዳንና የላስታ ደጋ ይታያታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢውን ስለጎዳው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ አዲስ ቤት መሥራት ብቻ አይደለም፤ የፈረሰውን ማቆም፣ የተበሳውን ጣራ መክደንም አለበት። አብዛኛው ቤት ምድር ቤት ብቻ ነው፤ ወይም አንድ ፎቅ ቢኖረው ነው። በትልቅ ሕንፃ ሥራ ላይ መሐንዲስ አለ፣ ፎርማን አለ፣ ቢያንስ በደጁ ላይ «የራስ ቁር ሳያደርጉ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። በትንሹ ሥራ ላይ ያሉት ግን አንድ ግንበኛ፣ ሁለት ረዳቶች፣ አንድ መሰላልና ከቢሮ ሲወጣ ብቻ ብቅ የሚል ባለቤት ናቸው። ሰሌዳም የለ፤ ተቆጣጣሪም የለ።

ሰውም በትንሽ ቤት ይታለላል። «ከዚህች ቢወድቅስ ምን ይሆናል?» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠን ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚማሩት ቀላል ስሌት ነው። ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት እስኪደርስ ከአንድ ሰኮንድ ያነሰ፣ ማለትም ወደ 0.8 ሰኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። መሬት ሲነካም ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዋናው መንገድ ላይ የሚሮጥ ባጃጅ ቢመታችሁ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ባጃጁ ላይ ፍሬን መኖሩ ነው። ከ6 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 39 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ0.8 ሰኮንድ ውስጥ «አብሽር» ለማለት እንኳ ጊዜ የለም፤ አንድ ነገር ለመያዝ ማሰብማ ከቶ አይታሰብም። ስለዚህ መድኀኒቱ ከመውደቁ በፊት ካልተዘጋጀ በኋላ አይገኝም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ ብሎ ገምቷል። ይህ ቍጥር በቤት ውስጥ የሚወድቁትን ሽማግሌዎችም ይጨምራል። ሆኖም በሳይታሰብ አደጋ ከሚሞቱት መካከል ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው መውደቅ ነው። የሕንፃ ሥራን ብቻ ነጥለን ብንመለከት፣ መሣሪያ በሞላበት በአሜሪካ አገር እንኳ በዚህ ሙያ ከሚሞቱት ሠራተኞች ከሦስት አንዱ በላይ የሚሞተው ወድቆ ነው።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ምን እንላለን? «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ያልታሰረውን መሰላል ኀጢአት ሁሉ በቀኑ ላይ ጭነን ከሄድን፣ በማግሥቱ ያንኑ መሰላል ሌላ ልጅ ይወጣበታል። ሃይማኖታችንም እንዲህ ያለውን ቸልተኝነት አላስተማረንም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ምክንያቱም ከዚያ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ልብ በሉ፤ ዕዳው የተባለው የወደቀው ሰው ሳይሆን የባለቤቱ ነው። በሙስሊሞች ወገኖቻችንም ዘንድ፣ ግመሉን ሳያስር በፈጣሪ ተማምኖ ሊሄድ የነበረውን ሰው ነቢዩ አስቀድሞ እንዲያስራት እንደ መከሩት ይነገራል። ከአፋር ጋር ጎን ለጎን ለሚኖር የራያ ሰው ያልታሰረች ግመል ምን እንደምታደርግ መንገር አያስፈልገኝም።

ደግሞም ከከፍታ መጠንቀቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለም። በትግራይ የሚገኘውን የደብረ ዳሞን ገዳም አስቡ። የገዳሙን አመሠራረት ትውፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአቡነ አረጋዊ ጋር ያያይዘዋል። ወደ አምባው የሚወጣው ሰው 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ገደል የሚወጣው ከላይ የተለቀቀ የጠፍር ገመድ ጨብጦ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ በአንዱ ገመድ ብቻ አይታመኑም። ሌላ ሁለተኛ ገመድ በወጪው ሰው ወገብ ላይ ታስሮ፣ መነኮሳቱ ከላይ ሆነው እየሳቡ ይረዱታል። እጁ ቢዝል፣ እግሩ ቢያዳልጠው፣ ሁለተኛው ገመድ አለ። ዛሬ የውጭ አገር መሐንዲሶች በመጽሐፍ የሚያስተምሩት ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ ሰው ሕይወቱን በአንድ ነገር ላይ ብቻ አይጣል።

ወደ ራያም ስንመለስ የማሽላ ጠባቂውን ማማ እናገኛለን። ማሽላው ሲያሽት ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ቀኑን ሙሉ በማማው ላይ ይውላል። ስለዚህ ገበሬው ማማውን ሲሠራ ቋሚዎቹን ጉድጓድ ቆፍሮ ይተክላል፤ አግዳሚውን በልጥ ወይም በጠፍር ጥፍር አድርጎ ያስራል፤ ከዚያም ራሱ ወጥቶ ነቅነቅ አድርጎ ሳይሞክረው ልጁን አያወጣበትም። እንግዲህ ለወፍ ጥበቃ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለቤት ሥራ መንፈጋችን ምን ይባላል?

ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ስለ መሰላሉ እንናገር።

በሠፈራችን የሚሠራው መሰላል ብዙውን ጊዜ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እርጥብ እንጨት በቆላ ፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በተኮማተረ ጊዜም ምስማሩ ይላላል። ስለዚህ መርገጫው በምስማር ብቻ ከቋሚው ፊት ላይ የተለጠፈ መሰላል አታላይ ነው። ቋሚው ጥቂት ተቦርቡሮ መርገጫው በዚያ ላይ ቢቀመጥና ዙሪያውን በሽቦ ቢታሰር፣ ምስማሩ ቢላላ እንኳ መርገጫው አይወርድም። የቆየ መሰላል ሲሆን ደግሞ እግሩን ምስጥ በልቶት እንደሆነ በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ማየት ይገባል። መሰላልን ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ ቀለም ያሳምረዋል፣ ስንጥቁንም ይደብቀዋል።

ቀጥሎ አቋቋሙ ነው። ሕጉ አራት ለአንድ ይባላል፤ መሰላሉ የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍ ቢል፣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። ከዚህ ቢቀርብ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከዚህ ቢርቅ እግሩ ይንሸራተታል። ሜትር የሌለው ሰው እንዲህ ያረጋግጣል፤ የእግሩን ጣቶች ከመሰላሉ እግር ጋር አጋጥሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እጆቹን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ መዳፉ መሰላሉን ያለ ችግር ከነካ አቋቋሙ ደኅና ነው። የመሰላሉም ጫፍ ከሚወጡበት ጠርዝ በላይ 1 ሜትር ያህል ይትረፍ፤ ሰው ከመሰላሉ ወደ ጣራው ሲሻገር የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋልና።

የራያ ሜዳ አፈር ጎርፍ ከተራራው እያጠበ ያመጣው ለም አፈር ነው። ለማሽላው በረከት ነው፤ ለመሰላል ግን ክፉ ነው፤ በዝናብ ጊዜ አንዱ እግር ይሰጥምና መሰላሉ ያጋድላል። ስለዚህ ከሁለቱ እግሮች ሥር አንድ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ፤ ብሎኬት ላይ ብሎኬት ደርቦ ማቆም ግን መከራን መጥራት ነው። ከሁሉም በላይ የመሰላሉ ጫፍ በሁለቱም ወገን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይታሰር። ለማሰር የሚወጣው የመጀመሪያው ሰው እስኪወርድ ድረስ ሌላው ሰው ከታች በሁለት እጁ ይያዝለት። የሚይዘው ሰውም ስልኩን እያየ መሆን የለበትም!

ወጪው ሰው ሁልጊዜ ከሁለት እጁና ከሁለት እግሩ ሦስቱን በመሰላሉ ላይ ያድርግ። ባልዲ በአንድ እጁ ያንጠለጠለ ሰው ይህን ሊፈጽም አይችልም፤ ስለዚህ ሰውየው ባዶ እጁን ይውጣና ባልዲውን በገመድ ይሳበው። እምብርቱ ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል እንዳይወጣ ይጠንቀቅ፤ «ጥቂት ብቻ ልንጠራራ» ያለ ሰው ከነመሰላሉ ይገለበጣልና። ወርዶ መሰላሉን ለማዛወር የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ደግሞ የብረት መሰላልም፣ ረዥም ፌሮም፣ ቆርቆሮም ወደዚያ ከቶ አይጠጋ፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሳይጀመር የመብራት አገልግሎቱን ሠራተኞች መጥራት ይገባል።

መሰላል መውጫና መውረጃ ነው፤ የሥራ ቦታ አይደለም። ግድግዳ ለመለሰን ግማሽ ቀን ቆሞ ለሚውል ሰው የሚያስፈልገው መወጣጫ፣ ዛሬ ብዙዎቻችን ስካፎልዲንግ የምንለው ነው። እሱም በባሕር ዛፍ በደንብ ይሠራል። ነገር ግን አራት ነገሮች አይጓደሉበት። አንደኛ፣ ቋሚዎቹ በጣውላ ላይ ይቁሙ ወይም በጉድጓድ ይተከሉ። ሁለተኛ፣ በየመካከሉ አግድም ብቻ ሳይሆን በመስቀል ቅርፅ የተጋደሙ እንጨቶች ይታሰሩበት፤ ያለ እነርሱ ሁሉም ነገር እንደ ክብሪት ሳጥን ወደ ጎን ይተኛል። ከቤቱም ጋር ይታሰር። ሦስተኛ፣ የሚረገጠው ጣውላ አንድ ቀጭን ሳይሆን ሁለት ሦስቱ ጎን ለጎን ሆነው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይስፉ፤ ጫፋቸውም ከተደገፉበት እንጨት ብዙ አይርዘም። ከድጋፉ አልፎ የወጣ የጣውላ ጫፍ የወጥመድ ክዳን ማለት ነው፤ ሲረግጡት በወዲያ በኩል ብድግ ይላል። አራተኛ፣ በውጭው በኩል በወገብ ልክ፣ ይኸውም 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ አጣና ይታሰር፤ ከእርሱም በታች በእኩሌታው ሌላ አንድ። እነዚህ ሁለት አጣናዎች የሠራተኛው ሕይወት ናቸው። በየሠፈሩ ስንዘዋወር ግን ከአራቱ ሁሉ አብዝቶ የሚጎድለው እርሱ ነው።

ጣራ ሲከደንም ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም ነፋስና ሙቀት ነው። ቆርቆሮ በነፋስ ጊዜ ሸራ ይሆናል፤ የያዘውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የክዳን ሥራ በማለዳ ይጀመር፤ ነፋሱ ሲበረታ ይቁም። እኩለ ቀን ላይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ የቆመ ሰው ውሃ ካልጠጣ ራሱ ይዞራል፤ ራሱ የዞረ ሰው ደግሞ ጠርዙን አያይም። ለብርሃን ተብሎ የሚገባው የፕላስቲክ ክዳን ሰው አይሸከምምና ማንም አይርገጠው። ፎቅ ላለው ቤትም ለደረጃ የተተወው ቀዳዳ በጣውላ ተሸፍኖ በምስማር ይመታ፤ ልቅ ሆኖ የተጋደመ ክዳን ከባዶ ቀዳዳ የከፋ ነው።

አሁን አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ በፊልም የምናየውን መታጠቂያ ለምን አትመክረንም?» ሳይል አይቀርም። መታጠቂያው መልካም መሣሪያ ነው፤ ግን ቦታ አለው። በወገብ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ በሚወድቅ ሰው ላይ አንጀትና አከርካሪ ስለሚጎዳ፣ በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ የወደቀን ሰው ለመያዣነት ተከልክሏል፤ የሚፈቀደው ትከሻንና ጭንን የሚይዘው ሙሉው ነው። እሱም ቢሆን ገመዱ 2 ሜትር ያህል ከሆነ፣ ሰውየው ገመዱ እስኪወጠር ይወድቃል፤ ከዚያም ማለዘቢያው ይረዝማል፤ በዚህ ላይ የራሱ ቁመት አለ። ግድግዳው 3 ወይም 4 ሜትር በሆነ ቤት ላይ ገመዱ ሰውየውን ሳያቆመው መሬቱ ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ለትንሹ ቤት የሚሻለው፣ ወድቆ የሚያዝበትን ሳይሆን ከነጭራሹ እንዳይወድቅ የሚከለክለውን ማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም አጣናው፣ የታሰረው መሰላል፣ ሰፊው ጣውላ ነው። ገመድ መታጠቅ ግድ ከሆነም፣ እስከ ጠርዙ የማያደርስ አጭር ገመድ ይሁን።

የታላላቆቹም ሥራ ያስተማረው ይህንኑ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1933 እስከ 1937 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ፣ ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ከድልድዩ ሥር ትልቅ መረብ አስዘረጋ። በዚያ ዘመን ወጪው እንደ ቅንጦት የሚታይ ነበር። ይሁን እንጂ 19 ሰዎች ወድቀው መረቡ ተቀበላቸው፤ በሕይወት ተረፉ። ሥራው ሊፈጸም ሲቃረብ ግን፣ በየካቲት 17 ቀን 1937፣ ሠራተኞች የቆሙበት መድረክ ከመያዣው ተላቆ በመረቡ ላይ ወደቀና ቀደደው፤ በዚያች ቀን 10 ሰዎች ሞቱ። ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለጥንቃቄ የወጣ ገንዘብ 19 ቤተሰብ አተረፈ። ሁለተኛው፣ የቆሙበት መድረክ ካልጸና መረብም አያድንም። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ከእግራችን ሥር ነው።

ገንዘብን ካነሣን ዘንድ፣ በቆቦ ስላለው ቤት ሒሳብ እናድርግ። አንድ ወጣት ጸሓፊ ቤት ያሠራል እንበል። ማለዳ ወደ ቢሮ ሲሄድ በሥራው ቦታ ያልፋል።

«ጋሼ፣ መሰላሉ ሳይታሰር አይውጡ እንጂ» ይላል።

«አብሽር የኔ ልጅ! ሃያ ዓመት ሙሉ ወጥቼበታለሁ» ይላሉ ግንበኛው።

«ይሁን ጋሼ፤ ግን ከሰዓት ስመለስ ልስኑ ያልቅልኛል አይደል?»

ይህን ንግግር በደንብ መርምሩት። ጸሓፊው በመጀመሪያው ቃሉ ጥንቃቄን ጠየቀ፤ በሁለተኛው ቃሉ መልሶ ወሰደው። ግንበኛውም የሰሙት ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ያለው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። ሰው የሚቸኩለው አሠሪው ሲያስቸኩለው ነው። በጠቅላላ ዋጋ የተሰጠ ሥራ ሲሆን ደግሞ፣ ግንበኛው አጣና ለማሰር የሚያጠፋው እያንዳንዱ ሰዓት ከራሱ እንጀራ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ትእዛዝ ብቻ አይበቃም፤ ዋጋ ሲቆረጥ የመወጣጫው ሥራ፣ የገመዱና የአጣናው ዋጋ ለብቻው ተቆጥሮ ይከፈል። ያን ጊዜ ግንበኛው ለጥንቃቄው ተከፍሎበታልና አይተወውም። ሃያ ዓመት የወጣ ሰውም ሃያ ዓመት አለመውደቁን እንጂ ነገ አለመውደቁን አያስረዳም። ዕቃው ሁሉ ደግሞ ከሥራው ቦታ አለ፤ አጣናው አለ፣ ሽቦው አለ፣ ጣውላው አለ፤ ቤቱ ሲያልቅም አጣናው ለአጥር ይሆናል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156፣ አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥና ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያስረዳው ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው። የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ ቃሉ ውል ነው፤ የቀን ሠራተኛ የሆናችሁ ተማሪዎች ይህን ዕወቁ።

ሆኖም አዋጁ በራሱ የሙያ ኀላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሰው አይመለከትም። እንግዲህ ባለቤቱ ሥራውን በጠቅላላ ዋጋ ለግንበኛው ሲሰጥና ግንበኛው ተማሪውን ረዳት አድርጎ ሲቀጥር፣ የተማሪው አሠሪ ግንበኛው ይሆናል። ግንበኛው ደግሞ ከመዶሻውና ከቱንቢው በቀር ሀብት የለውም። ሕጉ ተማሪው ካሳ ይገባዋል ይላል፤ ካሳው ግን ከማን ኪስ ይወጣል? በትልቁ ሕንፃ ላይ የወደቀ ሰው ክስ የሚመሠርትበት ድርጅት አለው፤ በትንሹ ቤት ላይ የወደቀው ብዙ ጊዜ ያለው የእናቱ ምጣድ ብቻ ነው። በትንሹ ሥራ ላይ ጥንቃቄው የሚበልጠው ስለዚህ ነው፤ ከወደቁ በኋላ የሚይዝ ምንም የለምና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አደጋ ቢደርስስ? የወደቀውን ሰው በብብቱ ይዞ ማንሣት፣ ማስቀመጥ፣ ውሃ ማጠጣት፣ በባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ መጫን የለመድናቸው ስሕተቶች ናቸው። አከርካሪው የተጎዳ ሰው በዚህ አያያዝ እስከ ዕድሜ ልኩ ሽባ ሊሆን ይችላል። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ፣ ራሱና አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ መደገፍ፣ የሕክምና ሰው መጥራት ይገባል። ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ በሰፊ ጣውላ ወይም በተነቀለ በር ላይ፣ አራት አምስት ሰው ሆኖ እኩል አንሥቶ ያጋድመው። ራሱን የመታ ሰው እየሳቀ ቢነሣ እንኳ፣ ቆይቶ ካስታወከው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ከቆቦ እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወልድያ እስከ ደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል። ለተሰነጠቀ ራስ ይህ መንገድ በጣም ረዥም ነው። ከመሰላሉ ጫፍ እስከ ማሰሪያው ያለው መንገድ ግን አንድ ክንድ ነው።

ስለዚህ ለወጣት ጸሓፊዎችና ለተማሪዎች አንዳንድ ቃል ልናገርና ላብቃ። ቤት የምታሠሩ ጸሓፊዎች ሆይ፣ ማለዳ ወደ ቢሮ ስትሄዱ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ መሰላሉን ራሳችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ ሥራው አይጀመር። ልስኑ በማግሥቱ ቢያልቅ ቤታችሁ አይሸሽም። በክረምት የምትሠሩ ተማሪዎች ሆይ፣ ያልታሰረ መሰላል አልወጣም ማለት ፍርሃት አይደለም፤ አራት ለአንድ የሚለውን ሕግ ስለምታውቁ እናንተ አስተምሩ። ታላቅን ማክበር ልማዳችን ነው፤ ግንበኛውንም «ጋሼ፣ እኔ ልያዝልዎ፣ እርስዎ ይሰሩት» ብትሉ ክብራቸው አይጓደልም።

«አብሽር» የምትለዋንም ቃል አንጥላት፤ ቦታዋን ብቻ እናስተካክልላት። መጀመሪያ ገመዱ ይታሰር፤ አጣናው ይጋደም፤ ጣውላው ይነጠፍ። ከዚያ በኋላ ከታች ያለው ሰው ቀና ብሎ «አብሽር፣ ውጣ!» ቢል፣ ያን ጊዜ ቃሉ እውነት ነው።